የአማርኛ ስም በጥልፍ መኪና ሲጻፍ እንዳይጨማለቅ

«የእንግሊዝኛው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የአማርኛው ግን ይጨማለቅብኛል። ለምንድን ነው?» ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልዲያም የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ጠያቂ ሲመጣ ይህን ልላክ። አብሽሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከመኪናችሁ አይደለም።

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የላቲን ፊደል በብዙ መኪናዎች ውስጥ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ስፌቱ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚወፍር ሰው ተጨንቆበታል። የእኛን ፊደል ግን ራሳችን ነን የምናዘጋጀው። ሁለተኛው የፊደላችን ጠባይ ነው። «ሁሴን» የሚለውን ስም ተመልከቱ። የ«ሁ» ጭረት ከጠፋች «ሀሴን» ሆነ። የ«ሴ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ከተደፈነች ደግሞ «ሁሲን» ይሆናል። ሰውየው ከፍሎ የሌላ ሰው ስም ለብሶ ይሄዳል ማለት ነው። ጥልፍ መጀመሪያ የሚበላው እንዲህ ያለችውን ትንሽ ነገር ነው። ይህችን ፊደሉን ከፊደል የምትለየውን ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት «ቅጥያ» እላታለሁ፤ ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ቅጥያዋን ለማዳን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና፣ ባለ አንድ መርፌም ቢሆን። መርፌው ግራና ቀኝ እየሄደ የሚሰፋ የዚግዛግ ስፌት መኪና ብቻ ላላችሁ መጨረሻው አካባቢ የተወሰነ ነገር አለ።
- ኮምፒውተር፣ ከኢንክስኬፕ (የሥዕል ሶፍትዌር) እና ከኢንክስቲች (ኢንክስኬፕ ላይ ተጨምሮ ሥዕሉን ወደ ጥልፍ የሚቀይር) ጋር። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ዊልኮም ወይም ሀች የሚባሉት የጥልፍ ሶፍትዌሮች ያላችሁ በዚያው ሥሩ፣ የምሰጣችሁ ልኬት እዚያም ይሠራል።
- ቁጥር 40 የፖሊስተር የጥልፍ ክር፣ ለትንንሽ ጽሑፍ ደግሞ ቁጥር 60። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል።
- ቀጭን የታች ክር፣ ለቦቢን።
- 75/11 መርፌ፤ ለቁጥር 60 ክር 65/9። ለቲሸርት ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ውሰዱ፣ ሹሉ የቲሸርቱን ክር ይበጥሳል።
- ከጨርቁ ሥር የሚደረግ መደገፊያ፣ ሁለት ዓይነት፦ በእጅ የሚቀደደው እና በመቀስ የሚቆረጠው።
- ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ስስ ላስቲክ። በአቅራቢያችሁ ካጣችሁ ከመርካቶ አስልኩ፣ ለጋቢና ለፎጣ የግድ ነው።
- ጫፉ ጠማማ የሆነ ትንሽ መቀስ፣ ጠመኔ፣ ማስመሪያ።
- የሥራው ጨርቅ ቁራጭ። ተመሳሳይ አላልኩም፣ ያው ራሱ ጨርቅ።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን የምለው በረኪና ስለምንወድ ነው። ነጭ ልብስ ያለ በረኪና አይታጠብም በሚባልበት ቤት ሬዮን ክር ቶሎ ቀለሙን ይለቃል፣ ይደክማልም። ሬዮን ያብረቀርቃል፣ ያምራል፣ አልክድም። ለግድግዳ ጌጥ ይሁን።

አሠራሩ

1. ስሙን ራሱ ባለቤቱ በወረቀት ይጻፈው

በስልክ የተነገራችሁን ስም አትሥሩ። «ሐዋ» ነው «ሀዋ»? «ሙሐመድ» ነው «መሐመድ»? «ፀሐይ» ነው «ጸሀይ»? ሁሉም ትክክል ነው፣ ለባለቤቱ ግን አንዱ ብቻ ነው የእሱ ስም። ወረቀቱን አስቀምጡ፣ ወይም በቴሌግራም ፎቶ ይላክላችሁ። ሳቲን ስፌት፣ ማለትም ከጠርዝ ጠርዝ ተጠጋግቶ እየተመላለሰ የሚሰፋው፣ ሲፈታ ጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይቀራል፣ በተለይ ነጠላ ላይ። ስለዚህ ፊደል ማረም ማለት ብዙ ጊዜ ጨርቅ መተካት ነው።

2. መጠኑን ወስኑ

ለቁጥር 40 ክር የፊደሉ ቁመት ከ12 ሚሊ ሜትር በታች ባይሆን ጥሩ ነው። ለላቲን 6 ሚሊ ይበቃል ሲባል ትሰሙ ይሆናል፣ ለእኛ አይሠራም። ምክንያቱም ቁጥር 40 ክር በግምት 0.4 ሚሊ ውፍረት አለው፣ ከ1 ሚሊ የጠበበ ሳቲን ደግሞ መስመር ሳይሆን ቋጠሮ ነው የሚመስለው። አሁን የ«ሴ»ን ቀለበት አስቡ። ግራ ጎኗ 1 ሚሊ፣ ቀኝ ጎኗ 1 ሚሊ፣ መሀሏ ክፍት እንዲሆን ደግሞ ሌላ 1 ሚሊ ትፈልጋለች። ቀለበቷ ብቻ 3 ሚሊ ሆነች። ይህን ቀለበት 6 ሚሊ ፊደል ላይ የት ታስቀምጡታላችሁ?

ደንበኛው የግድ ትንሽ ይሁን ካለ በቁጥር 60 ክርና በ65/9 መርፌ እስከ 8 ወይም 9 ሚሊ መውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች አልቀበልም በሉ።

ቀላል መፈተኛ አለ። ጫፉ 1 ሚሊ በሆነ ማርከር ስሙን በእውነተኛው መጠን ወረቀት ላይ ጻፉት። የ«ወ» እና የ«መ» ቀዳዳዎች በቀለም ከተደፈኑ በክርም ይደፈናሉ።

3. የፊደል ዓይነት (ፎንት) ምረጡ

ውፍረቱ ወጥ የሆነ ፊደል ፈልጉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥሩ ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም ደረጃዎች አሉት፤ ወፈር ያለውን ውሰዱ። ኒያላ እና አቢሲኒካ ወረቀት ላይ ያምራሉ፣ የብዕር አጻጻፍ ስለሚከተሉ ግን አንድ ቦታ ይወፍራሉ፣ ሌላ ቦታ ይቀጥናሉ። የቀጠነው ቦታ ከ1 ሚሊ በታች ይወርድና ክሩ እዚያው ይጠፋል። የብራና ጽሕፈት የመሰለ ነገር የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ቁመቱን ወደ 30 ሚሊ አሳድጉት።

4. ፊደሉን በመስመር ተከተሉት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጽሑፉን ይጽፍና «ወደ ጥልፍ ቀይር» ብሎ ሶፍትዌሩን ያዘዋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ፊደሉን እንደ ቅርጽ ነው የሚያየው፣ እግሩና ቅጥያው የት እንደሚለያዩ አያውቅም። ስፌቱን በዘፈቀደ አቅጣጫ ይሞላዋል።

እንዲህ አድርጉ። ኢንክስኬፕ ላይ ስሙን ጻፉ፣ በመጨረሻው መጠን አድርጉት፣ ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ሲ ተጭናችሁ ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ከሥር እንደ ጥላ ይቀመጥ፣ ቆልፉት። ከዚያ በላዩ ላይ በብዕር መሣሪያው በእያንዳንዱ ክፍል መሀል ለመሀል መስመር አስምሩ። ለ«ሴ» ግራ እግር አንድ፣ ለአናቱ አንድ፣ ለቀኝ እግር አንድ፣ ለቀለበቷ አንድ። ለ15 ሚሊ ፊደል የዋናዎቹን መስመሮች ውፍረት 1.8 ወይም 2 ሚሊ፣ የቅጥያዋን 1.2 ሚሊ አድርጉ። ከዚያ በኢንክስቲች ዝርዝር ውስጥ «ኮንቨርት ላይን ቱ ሳቲን» የሚለውን ምረጡ። ጥላውን አጥፉት።

ይህ ጊዜ ይወስዳል። ግን ፊደሉን አንዴ ከሠራችሁት ለሁልጊዜ ነው። የተለመዱትን ስሞች ፊደላት ቀስ በቀስ አጠራቅሙ። ሰይድ፣ ፋጡማ፣ ተስፋዬ፣ ከድጃ፣ አበበ እያላችሁ ስትሠሩ ሳታስቡት ግማሹ ገበታ ያልቃል።

ቅጥያዋን ስታስምሩ ከጥላው ትንሽ አስረዝሟት፣ ከእግሩም ትንሽ አርቋት። እውነት ለመናገር ስክሪን ላይ አስቀያሚ ትመስላለች። ጨርቅ ላይ ትክክለኛዋ እሷ ናት።

የጽሑፉ መስመር ከ7 ሚሊ በላይ ከሰፋ፣ ለምሳሌ ጃኬት ጀርባ ላይ «ወሎ» ብላችሁ በትልቁ ስትጽፉ፣ ሳቲኑን ተዉትና ሙሌት ስፌት፣ ማለትም ቦታውን በአጫጭር ስፌት ረድፍ የሚሞላውን፣ ተጠቀሙ። ረጅም ሳቲን በቀለበት፣ በጥፍር፣ በቦርሳ ዚፕ ይያዛል፣ ይመዘዛል።

5. ልኬቶቹን አስገቡ

- በስፌትና በስፌት መካከል ያለው ርቀት፦ 0.4 ሚሊ። ለስስ ነጠላ 0.45። ከ0.35 በታች አትውረዱ፣ መርፌው ጨርቁን እንደ ወንፊት ይበሳዋል።
- የሥር ስፌት (ከሳቲኑ በፊት ከሥሩ የሚሰፋው)፦ እስከ 2 ሚሊ ለሚሆን ሳቲን በመሀል አንድ ነጠላ መስመር ይበቃል። ከዚያ ለሚሰፋው ሁለቱን ጠርዝ የሚከተል ጨምሩ፣ ከ4 ሚሊ በላይ ለሆነው ዚግዛግም ይታከልበት። የሥር ስፌት ከሌለ ሳቲኑ ጨርቁ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጠርዙም ይንቀጠቀጣል።
- የመሳብ ማካካሻ (ሳቲኑን ሆን ብሎ ትንሽ ማስፋት)፦ ለተራ ጥጥ 0.2 ሚሊ፣ ለቲሸርት 0.3 ወይም 0.4።

ማካካሻ ለምን? ክሩ ጨርቁን በተሰፋበት አቅጣጫ ይሰበስበዋል። አግድም የተሰፋ እግር በወርዱ ይቀጥናል፣ ወደ ታች ደግሞ ይረዝማል። ሁለቱም ይጎዱናል። መቅጠኑን ማካካሻው ይፈታዋል። መርዘሙን ግን እናንተ ናችሁ የምትፈቱት፤ የእግሮቹን ጫፍ በ0.3 ሚሊ ያህል አሳጥሯቸው። «ባ» እና «ቦ» የሚለያዩት በየትኛው እግር መርዘም እንደሆነ አትርሱ። በትንሽ መጠን ሲሆን የሁለቱን እግሮች ልዩነት ሆን ብላችሁ አስፉት፣ ካልሆነ ሁለቱም «በ» ይሆናሉ።

ማካካሻ ስትጨምሩ የ«ወ»፣ የ«ቀ»፣ የ«ፀ» ቀዳዳ እንደሚጠብ አስታውሱ። በዚያው ልክ ቀዳዳውን ከፈት አድርጉት።

6. ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ

በአንድ ፊደል ውስጥ መጀመሪያ እግሮቹ፣ ከዚያ አናቱ፣ መጨረሻ ላይ ቅጥያው ይሰፋ። አናቱ የእግሮቹን ጫፍ ይሸፍናል፣ ቅጥያው ደግሞ ከላይ ስለሚያርፍ ጎልቶ ይታያል። «ሸ» እና «ኘ» ላይ ያለችው የላይ ጭረትም እንደ ቅጥያ ትቆጠር፣ ከአናቱ ጋር እንዳትጣበቅ ቢያንስ 1 ሚሊ ክፍተት ስጧት።

በአንድ ፊደል ክፍሎች መካከል ክር አታስቆርጡ፣ በሚሸፈነው ቦታ ውስጥ በነጠላ ስፌት ተሻገሩ። በተቆረጠ ቁጥር ማሰሪያ ስፌት ይመጣል፣ ማሰሪያ ሲበዛ ከኋላ ይጎረብጣል። ከፊደል ወደ ፊደል ሲሆን ግን ይቆረጥ፣ ካልሆነ የተንጠለጠለው ክር ራሱ ቅጥያ ይመስላል።

ኮፍያ ላይ ከሆነ ከመሀለኛው ፊደል ጀምራችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ውጡ። ከአንድ ጫፍ ከጀመራችሁ ጨርቁ እየተገፋ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይሸበሸባል።

ከዚያ ፋይሉን መኪናችሁ በሚያነበው ዓይነት አስቀምጡ። ለብራዘር ፒኢኤስ፣ ለጃኖም ጄኢኤፍ፣ ለአብዛኞቹ የፋብሪካ መኪናዎች ዲኤስቲ። ዲኤስቲ የክር ቀለም አይዝም፣ ቀለሙን መኪናው ላይ ራሳችሁ ታስገባላችሁ።

7. ጨርቁን አዘጋጁና ፍሬም ላይ ወጥሩ

ሁሉም ጨርቅ አንድ አይደለም፣ ስለዚህ እዚህ ትንሽ ቆም እንበል።

ነጠላ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ የጥልፉ ክር ግን አይሰበሰብም። ስለዚህ ከመጥለፋችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቁት፣ ተኩሱት። ካልሆነ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ በፊደሎቹ ዙሪያ ይጨማደዳል። ከሥር የሚቀደደውን መደገፊያ ሁለት ድርብ አድርጉ። ሙሌት ስፌት ነጠላ ላይ አይሞከርም።

ጋቢ። ወፍራም ስለሆነ ፍሬም ውስጥ ሲጠብቅ የፍሬሙ አሻራ ይቀራል። መደገፊያውን ብቻ ወጥሩ፣ በሚረጭ ሙጫ ጋቢውን ከላይ ለጥፉት፣ ዳር ዳሩን በመርፌ ቁልፍ ያዙት። በላዩ ላይ የሚሟሟውን ላስቲክ አድርጉ። የጋቢው ለስላሳ ክር በስፌቱ መሀል ብቅ እንዳይል የሚይዘው እሱ ነው። ላስቲኩ የለኝም ብሎ ፌስታል የሚያደርግ አለ። ይሰፋል፣ ግን ፌስታሉ ፊደሎቹ ሥር ይቀራል፣ ሲተኮስም ይቀልጣል።

ቲሸርት። የሚቆረጠው መደገፊያ ብቻ። የሚቀደደውን ከተጠቀማችሁ ድጋፉ ይሄድና ጽሑፉ ከታጠበ በኋላ ይወላገዳል። ስትወጥሩ ቲሸርቱን አትጎትቱ። ተጎትቶ የተወጠረ ጨርቅ ከፍሬም ሲወጣ ይመለሳል፣ ፊደሎቹንም አብሮ ይሰበስባቸዋል።

የምርቃት ሻርፕ፣ ማለትም ሳቲን ጨርቅ፣ አዲስ ሹል መርፌና የሚቆረጥ መደገፊያ ይፈልጋል። የደነዘ መርፌ ክሩን እየሳበ መስመር ያወጣበታል።

ጽሑፉ የሚያርፍበትን መስመር በጠመኔ አስምሩ፣ መሀሉንም ምልክት አድርጉ። በዓይን ገምቶ መሥራት ለልምድ አዋቂም አይመከርም።

8. ቁራጭ ላይ ሞክሩ

ያው ጨርቅ፣ ያው ክር፣ ያው መደገፊያ። ሲያልቅ ገልብጡት። የሳቲኑ ጀርባ መሀል ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል የታች ክር ከታየ ውጥረቱ ልክ ነው። የታች ክር ከላይ ከታየ የላይኛውን ክር አላሉት፣ ወይም ቦቢኑ ቤት ውስጥ ቆሻሻ ካለ አጽዱት። ከኋላ የታች ክር ጭራሽ ካልታየ የላይኛውን አጥብቁ።

ከዚያ ቁራጩን ሁለት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አሳዩና «ምን ይላል?» በሉ። ስሙን አስቀድማችሁ አትንገሩ። እናንተ ስለምታውቁት የተደፈነውንም ታነቡታላችሁ።

9. ስፉ

ፍጥነቱን በደቂቃ ከ400 እስከ 600 ስፌት አድርጉ። ትንሽ ፊደል ላይ ፍሬሙ ቶሎ ቶሎ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ፍጥነት ሲበዛ ይንገጫገጭና ቅጥያዋ ቦታ ትስታለች።

መብራት ከጠፋ ጨርቁን ከፍሬም አታውጡ፣ ፍሬሙንም ከመኪናው አትንቀሉ። ማብሪያውን አጥፉና ጠብቁ፣ መብራቱ ሲመለስ ከፍ ዝቅ ስለሚል የመኪናውን ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሊያቃጥለው ይችላል። ከተረጋጋ በኋላ አብሩ፣ ካቆመበት ከ10 እስከ 20 ስፌት ወደ ኋላ መልሱና ቀጥሉ። መደራረቡ ክሩ እንዳይፈታ ይይዘዋል። ካቆመበት የማይቀጥል መኪና ያላችሁ በወረቀት ላይ የትኛው ፊደል ላይ እንደነበራችሁ መዝግቡ።

ጥንቃቄ! መኪናው እየሠራ የተንጠለጠለ ክር በእጅ ለመያዝ አትሞክሩ። መርፌ ስትቀይሩ መጀመሪያ አጥፉ። መርፌ ሲሰበር ስባሪው ይፈናጠራል፣ ፊታችሁን አታስጠጉ፣ ስባሪውንም ሙሉ በሙሉ ሳታገኙ ሥራ አትቀጥሉ፤ ጨርቅ ውስጥ የቀረ ስባሪ የለባሹን ቆዳ ይወጋል። የሚረጨውን ሙጫ ደግሞ ከመኪናው ራቅ ብላችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ርጩ። ይቀጣጠላል፣ የመርፌውንም ቤት ያጣብቃል።

10. አጽዱ

የተንጠለጠሉ ክሮችን ቁረጡ። የሚቀደደውን መደገፊያ አንድ እጅ ስፌቱን ይዞ በሌላው ቀስ ብላችሁ ቅደዱ፣ መንጭቆ መቅደድ ቅጥያውን ያጣምማል። የሚቆረጠውን ከስፌቱ 5 ሚሊ ያህል ትታችሁ ቁረጡ። የሚሟሟውን ላስቲክ በእጅ አንሱና ቀሪውን በውሃ አስወግዱ። ከኋላ በኩል፣ ከሥር ፎጣ አንጥፋችሁ ተኩሱ፣ ካልሆነ ጥልፉ ይጨፈለቃል።

ቀይና አረንጓዴ ክር በነጭ ላይ ከሠራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጥጥ ሙከራው ቁራጭ ላይ ለትንሽ ጊዜ ጫኑበት። ቀለም ከያዘ ክሩን ቀይሩ።

ዚግዛግ መኪና ብቻ ላላችሁ

ይቻላል፣ የተካነ እጅ እንዲያውም ከኮምፒውተሩ ያሳምረዋል። የጨርቅ መግፊያ ጥርሱን ዝቅ አድርጉ፣ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር አውጡ፣ ጨርቁን በክብ መወጠሪያ ወጥሩ። ስሙን በካርቦን ወረቀት ገልብጡ። መጀመሪያ ሙሉውን ፊደል በነጠላ ስፌት ዙሩት፣ ይህ የሥር ስፌታችሁ ነው። ከዚያ ዚግዛጉን 2 ሚሊ አድርጋችሁ እግሮቹን፣ 1.5 አድርጋችሁ ቅጥያውን ሙሉ። ከ20 ሚሊ ያነሰ ፊደል በዚህ አትቀበሉ። የመኪናው እግር ስለወጣ ጣታችሁ ለመርፌው ቅርብ ነው፣ መወጠሪያውን ከዳር ከዳር ያዙ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የ«ወ» ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ መምጣት። ኢንክስኬፕ ላይ ፊደሉን «ብሬክ አፓርት» ብላችሁ ስትበታትኑት ቀዳዳው ራሱን የቻለ ቅርጽ ይሆንና ይሞላል። በመስመር ከተከተላችሁት ይህ አይገጥማችሁም።
- ፊደሎቹን እንደ ላቲን ማጠጋጋት። የ«ሊ» ጭረት ወደ ቀኝ ትወጣለች፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ከነካት ሌላ ፊደል ትመስላለች። በፊደሎች መካከል ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ተዉ።
- ፩፣ ፪፣ ፫ በትንሹ መጻፍ። የግዕዝ ቁጥሮች ከላይም ከታችም ጭረት አላቸው፣ ስለዚህ ከፊደሉ የበለጠ ቁመት ይፈልጋሉ። የሠርግ ቀን በግዕዝ ቁጥር ይሁን ካሏችሁ ከ18 ሚሊ አትነሱ።
- ያለቀ ዲኤስቲ ፋይል ማሳደግና ማሳነስ። ብዙ ጊዜ መጠኑ ይለወጣል እንጂ የስፌቱ ብዛት አይለወጥም፤ ሲያድግ ይሳሳል፣ ሲያንስ ይጠቀጠቃል። ከ10 በመቶ በላይ ለውጥ ካስፈለገ ወደ ኢንክስኬፑ ፋይል ተመልሳችሁ እንደገና አውጡት። ለዚህ ሲባል ሁልጊዜ ሁለቱን አስቀምጡ፣ የሚታረመውንና መኪናው የሚያነበውን። የመኪናውን ፋይል ስም ስትሰጡ በላቲን ፊደል አጭር አድርጉት፣ ብዙ መኪናዎች በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ፍላሽ ላይ ቢኖርም አያሳዩትም። ቁመቱን በስሙ መጨረሻ ላይ ጨምሩበት፣ ያው ስም በ12 እና በ25 ሚሊ ሲኖራችሁ እንዳይምታታባችሁ።